ሰርቨሩ ዝም ሲል ቶሎ አትግደሉት

አምስት ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) የተሸከመ አንድ የሊኑክስ ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ያለው ጎንደር ፒያሳ፣ እኔ የማድረው አዘዞ። አንድ ቀን ጠዋት ዝም አለ። ፒንግ (አለህ ወይ የሚል የኔትወርክ ጥሪ) ይመልሳል፣ በኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያው) ግን አያስገባም። ፒያሳ እንደደረስኩ የፓወር ቁልፉን ተጭኜ አጠፋሁት። ሲነሳ ሁሉም ሠራ። ምን እንደነካው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ ቸኩሎ ማጥፋት። ፒንግ ከመለሰ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) በሕይወት አለ። ስክሪንና ኪቦርድ ሰክታችሁ እዩት። አንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዶ ቆየ የሚል መልእክት ካለ፣ መጀመሪያ ዲስኩን ጠርጥሩ።

ሎድ አቨሬጅ (የሚሠሩና ተራ የሚጠብቁ ፕሮሰሶች አማካይ ቁጥር) 60 ሲገባ ፕሮሰሰሩን መውቀስም ስህተት ነው። ሊኑክስ ዲስክ የሚጠብቁትንም አብሮ ይቆጥራል። ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ሎዱ ጣሪያ ሊነካ ይችላል። ቶፕ (ፕሮሰሶችን የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ «ዲ» የሚል ምልክት ያለበትን ፕሮሰስ ፈልጉ። እሱን በኪል 9 (አስገድዶ በሚገድለው ትእዛዝ) መደጋገም ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ዲስኩ እስኪመልስለት አይሞትም።

ራምን ሙልጭ አድርጎ ማከፋፈል ደግሞ አለ። 64 ጊጋ ካላችሁና 64ቱንም ለቨርቹዋል ማሽኖች ከሰጣችሁ፣ ለሆስቱ (ለዋናው ማሽን) ምን ቀረለት? መጀመሪያ ስዋፕ ያደርጋል (ሜሞሪውን ወደ ዲስክ ያወጣል)፤ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ከዚያ ከርነሉ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን መርጦ ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚገደለው ትልቁ ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ምናልባትም ዳታቤዛችሁ ያለበት።

ዲስክ መሙላቱን ሳያዩ ሪስታርት ማድረግ ያሳዝነኛል። የቆዩ ስናፕሾቶች (የቨርቹዋል ማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ ቅጂዎች) ቦታውን ሲጨርሱት ኬቪኤም (የሊኑክስ የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ ቨርቹዋል ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል እንጂ አይጠፋም። ቦታ አስለቅቃችሁ «ቨርሽ ሪዚዩም» (ቀጥል የሚለው ትእዛዝ) ስትሉት ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔን የጎዳኝ ግን ሎጉ (የማሽኑ የክስተት መዝገብ) ነው። በብዙ ሲስተሞች ላይ ቫር ሎግ ውስጥ «ጆርናል» የሚባል ፎልደር ከሌለ ሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሎጉን ራም ላይ ብቻ ያስቀምጠዋል። ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ያንን ፎልደር ዛሬውኑ ፍጠሩት። መብራት ድንገት ሲሄድም ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ዲስክ ላይ የተጻፈው ይተርፍላችኋል።

አሁን ሰርቨሩ ዝም ሲል፣ አዘዞ ታክሲ እየጠበቅኩ ለዘበኛው እደውልላቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ቁልፉን እንዳይነኩብኝ። ስክሪኑን ብቻ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ።»