ስለ ጃፓን ሰፊ ስክሪን ፊልሞች የሚጽፉም የሚያሳዩም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተቆረጠ ቅጂ አይቶ መፍረድን የመሰለ ጥፋት የለም። የጃፓን ስቱዲዮዎች ከ1957 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በስኮፕ (ምስሉን በጎን ጨምቆ ቀርጾ ሲታይ በሚዘረጋው የሰፊ ስክሪን ዘዴ) የቀረጹት ምስል ወርዱ የቁመቱ 2.35 እጥፍ ነው። ለድሮው ቴሌቪዥን እንዲመች ወደ 1.33 ሲቆረጥ 43 በመቶው ይጠፋል። ከዚያ አንዱ ይነሳና «ካሜራው ያለምክንያት ወዲያ ወዲህ ይላል» ብሎ ይተቻል። ኧረ ካሜራው ንቅንቅ አላለም! ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው የጎተተው ቅጂውን ያዘጋጀው ቴክኒሻን ነው። የዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋን «ሃይ ኤንድ ሎው» (1963) ውሰዱ። የመጀመሪያው አጋማሽ ከሞላ ጎደል አንድ ሳሎን ውስጥ ያልቃል፤ አባወራው፣ ሚስቱ፣ ሾፌሩና ፖሊሶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደረደራሉ። ማን ፊቱን ወደ ማን እንዳዞረ፣ ማን ጥግ ይዞ እንዳቀረቀረ ካልታየ ትዕይንቱ ምን ቀረው? ስልክ የያዘ ሰውዬ ብቻ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለኩ፦ 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ ምስሉ 817 መስመር ያህል ይይዛል፤ ከላይም ከታችም 131 ገደማ ጥቁር ይሆናል። ስክሪኑን ሞልቶ ከታየ ወይ ተቆርጧል ወይ ተለጥጧል።

የስኮፕ ሌንስ ምስሉን በጎን በኩል ወደ ግማሽ ይጨምቀዋል፣ የፕሮጀክተሩ ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል። ሰዎቹ ቀጥነው ከረዘሙ አልተዘረጋም ማለት ነው። በዓይን ግምት አትመኑ፤ የጋሪ ጎማ ወይም የግድግዳ ሰዓት ፊት ለፊት የሚታይበት ፍሬም ፈልጉና ወርዱንና ቁመቱን በማስመሪያ አስተያዩ። መሀል ላይ ያለውን ምረጡ፣ የዚያ ዘመን ሌንስ ጠርዝ ላይ ያዛባልና። ክሎዝአፕ (ፊት በቅርበት የሚቀረጽበት ምስል) ላይ ብቻ ፊት የሚወፍር ከሆነ ግን ቅጂውን አትውቀሱ። የቀድሞዎቹ ሌንሶች ቅርብ ነገር ላይ ሲያተኩሩ የመጭመቅ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ፕሮጀክተሩ ግን ያው እጥፍ አድርጎ ይዘረጋል።

የጃፓንን ስኮፕ «ኩሮሳዋ ጀመረው» አትበሉ። ቀዳሚው በሳዳትሱጉ ማትሱዳ ተዘጋጅቶ ኤፕሪል 1957 የወጣው የቶኤይ ስቱዲዮ ፊልም ነው። ኩሮሳዋ የገባበት በ1958 ማብቂያ ላይ ነው።

ቶኤይስኮፕ፣ ቶሆስኮፕ፣ ኒካትሱስኮፕ የስቱዲዮዎቹ የንግድ ስሞች ናቸው፤ መሠረታቸው ያው 35 ሚሊሜትር ፊልምና ሁለት እጥፍ የሚጨምቅ ሌንስ ነው።

ሰፊውን ስክሪን ቴሌቪዥን ላራቆተው አዳራሽ እንደመጣ መድኃኒት አድርገው የሚጽፉም አሉ። በጃፓን የቴሌቪዥን ስርጭት በ1953 መጀመሩ እውነት ነው። የሲኒማ ተመልካች ቁጥር ግን ጣሪያ የነካው ስኮፕ በገባ በዓመቱ፣ በ1958፣ በ1 ቢሊዮን 127 ሚሊዮን ትኬት ነው። በ1963 ከግማሽ በታች የወረደው ስኮፕ እያለ ነው።

ስፋትንና ቀለምን አንድ ላይ መጠቅለልም ያስታል። የኩሮሳዋ ስድስቱ የስኮፕ ፊልሞች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ «ሃይ ኤንድ ሎው» ውስጥ ከምትታየው ከአንዲት ሮዝ ጭስ በቀር። ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙ በተቃራኒው ስድስት ባለቀለም ፊልሞች ሠርቶ በ1963 እስኪሞት ድረስ ከጠባቡ 1.37 ንቅንቅ አላለም።

ሌንስ ላይ አስተያየት ስትሰጡ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አታንብቡ። ባለ 50 ሚሊሜትር የስኮፕ ሌንስ በወርድ የሚያየው ባለ 25 ተራ ሌንስ የሚያየውን ያህል ነው፣ በቁመት ግን 50 ሆኖ ይቀራል። ሰዎች ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ጋር የተጣበቁ ከመሰሉ ካሜራው ርቆ ቆሞ በረጅም ሌንስ (ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ) እየቀረጸ ነው፤ ኩሮሳዋ ይህን አዘውትሮ ያደርገዋል። የምስሉ ስፋት ብቻውን ሌንሱ ሰፊ ስለመሆኑ ምንም አይነግራችሁም።