ብስክሌቱ ነው ወይስ ነጂው? ለጅማ መንገድ የተዘጋጀ ችግርና መፍትሄ

«መሪው ይስበኛል» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ተቀብዬ ስነዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያም ሆኖ ነጂውን ከመውቀስ በፊት ብስክሌቱን መመርመር ይገባል። የፊት ፍሬኑን ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዙት፤ ከመሪው ሥር የሚንቀጫቀጭ ነገር ከተሰማዎ የመሪው አንገት ላልቷልና ያስጠብቁት። ጎማውን ከመሬት አንስተው ሲያሽከረክሩት ወዲያና ወዲህ የሚወላገድ ከሆነም ያስተካክሉት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የቀረው ጉዳይ የእርስዎ ነው።

ቀስ ስል እንገዳገዳለሁ

በገበያ ቀን በጅማው የሂርማታ ገበያ በሰውና በባጃጅ መካከል የተሹለከለከ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጥፋቱ የዓይን ነው። የፈራ ሰው የፊት ጎማውን ያያል፤ ጎማውን ያየ ደግሞ እያንዳንዷን ዝንባሌ ሊያርም መሪውን ያለ ልክ ያዞራል። ዓይንዎን አሥር ሜትር ያህል ወደፊት ይላኩ። ቀላል ማርሽ አስገብተው ፔዳሉን ሳያቋርጡ ይግፉ፣ የኋላ ፍሬኑንም በስሱ ይንኩ። እግር ሲገፋ ፍሬን ሲይዝ ብስክሌቱ ይረጋል። ሜዳ ላይ ከጓደኛዎ ጋር ይወዳደሩ፤ እግሩን ሳያወርድ ኋላ የደረሰ ያሸንፋል።

ፍሬን ስይዝ የኋላ ጎማ ይንሸራተታል

አብዛኞቻችን በልጅነታችን «የፊቱን ከያዝክ ትገለበጣለህ» እየተባልን ስላደግን በኋላ ፍሬን ብቻ እንቆማለን። ባጃጅ ድንገት ሲቆም ተሳፋሪው ወደ ሾፌሩ ይደፋ የለ? ብስክሌት ላይም እንዲሁ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል። የኋላው ጎማ ስለሚቀለው መሬቱን መቆንጠጥ ያቅተውና ይንሸራተታል፤ የማቆም ጉልበት ያለው የፊቱ ነው። ማስፈራሪያውም ሐሰት አይደለም፤ የፊቱን በድንገት ጨምድዶ የያዘ፣ ሰውነቱንም ወደፊት የለቀቀ ሰው በእርግጥ ይገለበጣል።

መቀመጫዎን ወደኋላ ገፋ፣ ዝቅም ያድርጉ፤ ሁለቱንም ፍሬን ይያዙና የፊቱን ቀስ በቀስ ያጥብቁት። የኋላ ጎማው ከመሬት ሊነሳ ሲል የፊቱን ላላ ያድርጉት። የፊት ጎማው ከተንሸራተተ ግን ወዲያውኑ ይልቀቁት። በማያውቁት ብስክሌት ሲወጡ የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል።

የጅማ ዝናብ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። ጎማውን ከጎን በላስቲክ የሚይዝ ፍሬን መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ አለበትና ቶሎ አይዝም፤ ስለዚህ ቀደም ብለው በስሱ ነካ ነካ ያድርጉ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

መታጠፊያ ላይ ከመስመሬ እወጣለሁ

ይህን የተማርኩት በጉልበቴ ነው፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ቁልቁል ስወርድ መታጠፊያው ላይ አንድ ጉድጓድ አየሁ። እንዳልገባበት ዓይኔን ተከልኩበት፤ ቀጥ ብዬ ገባሁበት። መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ እናት አቧራዬን እያራገፉልኝ «ልጄ፣ እንዲህ አፍጥጠህ እያየኸው እንዴት ትስተዋለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። ብስክሌት ዓይን ወዳለበት ይሄዳል። ጉድጓዱን ካዩት በቃ፤ ከዚያ በኋላ ማየት ያለብዎት ማለፊያውን ነው።

ሁለተኛው ስህተት መታጠፊያው ውስጥ ሆኖ ፍሬን መጨምደድ ነው። ጎማ መሬቱን የሚይዝበት አቅም ውስን ነው፤ ለማቆም ያዋሉት ለመታጠፍ አይተርፍም። ፍጥነትዎን ሳይታጠፉ ይቀንሱ፤ ከዚያ የውጭውን ፔዳል ወደታች አድርገው በክብደትዎ ይርገጡት፣ አገጭዎንም ወደ መውጫው ያዙሩ። ወደ ግራ ሲታጠፉ ቀኝ እግር ታች መሆኑ ነው። የውስጡ ፔዳል ታች ከሆነ መሬት ይነካና ይጥላል። በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ብስክሌቱን ብዙ አያጋድሉ።

ጠጠርና ጭቃ ላይ ይዋልላል

ጎማው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይሆናል። ጎሚስታው በመኪና ልክ ከነፋው መሬቱን አይዝም፣ ይነጥራል። ሁለት ኢንች ያህል ስፋት ላለው ጎማ ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ልኩ ከጎማው ጎን ተጽፏልና ያንብቡት። ሲነዱ ፔዳሎቹን እኩል አድርገው ከኮርቻው ትንሽ ይነሱ፣ ክርንዎንም ይልቀቁ። ብስክሌቱ ከሥርዎ ትንሽ ቢደንስ ግድ የለም፤ አንቆ የያዘው ነው የሚወድቀው።

ወደኋላ ሳይ ወደ መሃል መንገድ እሳባለሁ

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ አይጠብቅም። አንገት ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ መሪውን ይስባል። በቀኝ ስለምንነዳ የምናየው በግራ ትከሻ በኩል ነው፤ ስለዚህ የግራ እጅዎን ከመሪው አንስተው ጭንዎ ላይ ያሳርፉና አገጭዎን ወደ ትከሻዎ ያምጡ። መኪና በሌለበት ቦታ፣ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይለማመዱ። ከኋላ የቆመ ጓደኛ ጣቶቹን ያንሳ፤ መስመሩን ሳይለቁ ስንት እንደሆኑ ይንገሩት።

ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይነሳል

ክብደትዎ ኋላ ቀርቷል። ወደ ኮርቻው ጫፍ ይጠጉ፣ ደረትዎን ዝቅ ያድርጉ። ማርሹንም ዳገቱ ሳይጀምር ይቀይሩ፤ መሃል ላይ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበት እየረገጡ ከቀየሩት ሰንሰለቱ ሊወልቅ ይችላል፤ ያኔ ጅሬን የሚደርሱት ብስክሌቱን እየገፉ ነው።