አንድ ላይብረሪ ሁለት ጊዜ፦ ፓኬጅ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽን ፓኬጅ ለሚያዘጋጅ ሰው የላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) ድግግሞሽ ሲባል ቶሎ የሚታየው የዲስክ ብክነት ነው። እሱስ ዕዳው ገብስ ነው። ጣጣው የሚመጣው የአንዱ ቅጂ የደህንነት ቀዳዳ ተደፍኖ የሌላኛው ክፍት ሲቀር ነው።

ከሶርስ ኮዱ ጋር የመጣውን ቅጂ እንዳለ መገንባት

ብዙ ፕሮጀክቶች “ቬንደር” ወይም “ሰርድ ፓርቲ” በሚል ፎልደር ውስጥ የዜድሊብን፣ የኤስኪውላይትን፣ የሊብፒኤንጂንና የመሰል ላይብረሪዎችን ቅጂ ይዘው ይመጣሉ። ይህን የሚያደርጉት ላይብረሪው በሌለበት ሲስተም ላይም ኮዱ እንዲገነባ ብለው ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ፓኬጅ አዘጋጁ ግን እንዳለ መቀበል የለበትም። በ2002 ዜድሊብ ውስጥ አንድን ሜሞሪ ሁለት ጊዜ የመልቀቅ ስህተት ሲገኝ የሲስተሙን ላይብረሪ ወደ 1.1.4 ማሳደግ ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ ዜድሊብን በሆዳቸው የያዙ ፕሮግራሞችን እያደኑ እንደገና መገንባቱ ነው። በ2023 የምስል ላይብረሪው የሊብዌብፒ ቀዳዳ ሲወጣም ክሮም፣ ፋየርፎክስና በኤሌክትሮን (የዴስክቶፕ አፕ መሥሪያ) የተሠሩ አፖች የየራሳቸውን ቅጂ ስለያዙ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ማሻሻያ ማውጣት ነበረባቸው።

መፍትሔው የሲስተሙን ላይብረሪ የሚያስመርጠውን የግንባታ አማራጭ ማብራት ነው ይባላል። አይበቃም፤ የግንባታ ስክሪፕቱ አማራጩን ችላ ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ፎልደሩን ከግንባታው በፊት ይሰርዙት። አንድ ፋይል አሁንም እሱን የሚፈልግ ከሆነ ግንባታው በግልጽ ይወድቃል፤ እርስዎም የት እንዳለ ያውቃሉ።

እርግጥ፣ እንደ ግኑሊብ ከመነሻው እንዲገለበጡ የተሠሩ ላይብረሪዎች አሉ፤ የዴቢያን ዲስትሪቢዩሽን ፖሊሲም ለእነዚህ በር ይከፍታል። ፕሮጀክቱ ላይብረሪውን በራሱ መንገድ ቀይሮት ከሆነና መለየት ካልተቻለ ደግሞ መዝግቡት። በፌዶራ ዲስትሪቢዩሽን ፓኬጁ የትኛውን ላይብረሪ በውስጡ እንደያዘ በስፔክ ፋይሉ (የፓኬጁ መገንቢያ መመሪያ) ላይ ይጻፋል፤ ነገ ቀዳዳ ሲገኝ የሚፈለገው ይህ መስመር ነው።

የላይብረሪ ፓኬጆችን ስም በእጅ መጻፍ

ዴቢያን ላይ ዲፒኬጂ-ሽሊብዴፕስ የሚባለው መሣሪያ፣ አርፒኤም (ፌዶራ የሚጠቀምበት የፓኬጅ ሥርዓት) ላይም የራሱ መሣሪያ የተገነባውን ፋይል አንብቦ ጥገኝነቱን፣ ማለትም የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች፣ ይሞላል። በእጅ የተጻፈው የድሮው ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) ስም ሳይነሳ ከቀረ፣ ተጠቃሚው ፕሮግራሙ የማይነካውን አሮጌ ላይብረሪ ከአዲሱ ጋር ይጭናል። በእጅ የተጻፈውን ይሰርዙት፣ ለመሣሪያው ይተዉት።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ቨርዥን

ይህኛው በተጠቃሚው ማሽን ላይ ካልሆነ አይታይም። ፕሮግራሙ አዲሱን ቨርዥን በቀጥታ ይጠራል፤ የሚጠቀምበት ሌላ ላይብረሪ ደግሞ አሮጌውን ይጎትታል። የሁለቱ ሶኔም (ቨርዥኑን የያዘው የላይብረሪው መለያ ስም) ስለሚለያይ ሁለቱም ሜሞሪ ላይ ይወጣሉ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፈንክሽኖች ሲጠሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ቀድሞ የተገኘው ነው፤ አሮጌውን የጠበቀ ኮድ የአዲሱን ዳታ ይቀበልና ከምክንያቱ ርቆ ይወድቃል። ላይብረሪው የሲምቦል ቨርዥን (በፈንክሽኖቹ ስም ላይ የሚለጠፍ የቨርዥን ምልክት) ካለው አደጋው ይቀንሳል፣ ሁሉም ግን የለውም። ስለዚህ ሶኔም ሲቀየር ጥገኞቹን ሁሉ በአንድ ዙር እንደገና መገንባት ይሻላል፤ ግማሹን ዛሬ ግማሹን በኋላ ማለት ይህንኑ ችግር መጥራት ነው።

ለማረጋገጥ ሪድኤልፍ የሚባለው መሣሪያ የፕሮግራሙን ቀጥተኛ ጥገኝነት ብቻ ያሳያል፤ ኤልዲዲ ሰንሰለቱን በሙሉ ይዘረዝራል። ሁለተኛውን በማያምኑት ፋይል ላይ አያስኪዱት፣ ፋይሉን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የሚጫኑ ፕለጊኖችን ሁለቱም አያዩም።

ከማያስፈልግ ላይብረሪ ጋር መያያዝ

በፒኬጂ-ኮንፊግ ፋይል (ፕሮግራሞች ከላይብረሪው ጋር እንዴት እንደሚያያዙ የሚነግር) ውስጥ ለስታቲክ ግንባታ (ላይብረሪው ራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ ሲገለበጥ) ብቻ የሚያስፈልገው በተለመደው መስመር ላይ ሲጻፍ፣ ተጠቃሚ ፕሮግራሞች በቀጥታ ከማይጠሩት ላይብረሪ ጋር ሁሉ ይታሰራሉ። ያ ላይብረሪ ሶኔም ሲቀይር ከላይ ያለው ግጭት በእነሱ ላይ ይመጣል። ለስታቲክ ብቻ የሚያስፈልገውን በፋይሉ የግል (ፕራይቬት) ክፍል ውስጥ ያስገቡት።

ረስትን እንደ ሲ መቁጠር

የረስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መገንቢያ የሆነው ካርጎ የአንድን ላይብረሪ የማይጣጣሙ ሁለት ቨርዥኖች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ይፈቅዳል፤ ስሞቹም አይጋጩም። ድግግሞሹን ካርጎ ትሪ የሚባለው ትእዛዝ ከዱፕሊኬትስ አማራጭ ጋር ያወጣዋል። በይበልጥ የሚያጠራጥሩት በስማቸው መጨረሻ “ሲስ” ያለባቸው ክሬቶች (የረስት ፓኬጆች) ናቸው፤ አንዳንዶቹ የሲ ላይብረሪን ሙሉ ሶርስ ኮድ ይዘው ሊገነቡት ይችላሉ። ያኔ ያው የ2002ቱ የዜድሊብ ጉዳይ በካርጎ በኩል ይገባል፤ የሲስተሙን ላይብረሪ እንዲጠቀሙ የሚያደርገውን አማራጭ ለእያንዳንዱ ይፈልጉ።