ሰርቪሷም ፈቃድ ትፈልጋለች፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ለምትሠሩ ዳያስፖራዎች

«ጋሼ፣ ሰርቪሷን ጨረስኳት። ሁለት ክፍል ናት፣ ሽንት ቤቷም ከውስጥ ነው።»

ሰርቪስ የምንለው ከዋናው ቤት ጀርባ የምትሠራውን ትንሽ ተጨማሪ ቤት ነው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ዴንቨር ውስጥ ከሥራ መልስ አውቶብስ እየጠበቅኩ ነበር። ፎቶም ላከልኝ። ብሎኬቷ ተለስኗል፣ ቆርቆሮዋ አረንጓዴ ነው። ደስ አለኝ። ስድስት ወር ሳይሞላ ሌላ ፎቶ መጣ። በዚያችው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎባታል፤ ትፍረስ ማለት ነው።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ፈቃድ የወጣው ለዋናው ቤት ብቻ ነው። ሰርቪሷ ደግሞ ከኋላው አጥር ጋር ተጣብቃ፣ ክፍት መተው በነበረበት ቦታ ላይ ቆማለች። ወንድሜ ክፉ አላሰበም፤ ሠፈሩ ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነው። የሚያናድደኝ የራሴ ነገር ነው። እዚህ ጓሮዬ ውስጥ የሣር ማጨጃ የምታስቀምጥ የእንጨት ጎጆ ለማቆም ሳስብ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት የከተማውን ደንብ ማንበብ ነው። ከጎረቤት ስንት ልራቅ፣ ቁመቷስ ስንት ይሁን ብዬ። አዲስ አበባ፣ አያት ሠፈር ያለው ቤቴ ላይ ስደርስ ግን «የራሴ ግቢ አይደል እንዴ?» አልኩ።

የራስ ግቢ የሚባለው ነገር እኛ አገር ልክ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የእኛ የሚሆነው የመጠቀም መብቱና በላዩ ላይ የሠራነው ንብረት ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። በሊዝ ውሉና በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ተጽፏል። መቼ ግንባታ ተጀምሮ መቼ ማለቅ እንዳለበትም ውሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙዎቻችን ካርታውን ፎቶ አንስተን ስልካችን ውስጥ እናስቀምጣለን እንጂ አናነበውም። ዛሬ ማታ አውጡና አንብቡት።

ካርታውን ስታነቡ መጀመሪያ የትኛው ከተማ እንዳወጣው እዩ። ዳር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰናቸው ላይ ተስማምተዋል። በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን የመሳሰሉት ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተቋቋመ። ስለዚህ እናንተ «አዲስ አበባ ቤት አለኝ» ስትሉ ቤቱ የሚተዳደረው በሸገር ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን ክፍለ ከተማው ተቀይሮ ይሆናል። ለሚ ኩራ የሚባለው ክፍለ ከተማ ከ2013 በፊት አልነበረም፤ «ቦሌ» ወይም «የካ» የሚል የቆየ ወረቀት የያዘ ሰው ዛሬ ጉዳዩ ያለው እዚያ ሊሆን ይችላል። ወንድሜ በዚህ የተነሳ ብቻ ሁለት ቀን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተንከራቷል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ማንኛውም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የሚወጣ «የፕላን ስምምነት» የሚባል ወረቀት አለ። ሰው ሁሉ ስለ ግንባታ ፈቃድ ያወራል፤ እኔ ግን የፕላን ስምምነቱን ነው የምወደው። ከተማው በዚህ ቦታ ላይ ምን መሥራት እንደምትችሉ የሚነግራችሁ እሱ ነው። መኖሪያ ብቻ ነው ወይስ ቅይጥ፣ ማለትም መኖሪያና ንግድ? ጂ ፕላስ ስንት፣ ማለትም ከምድር በላይ ስንት ፎቅ? ከመንገዱና ከጎረቤት ስንት ይለቀቅ? ከቦታው ስንት እጁ በሕንፃ ይሸፈን? መልሱ የሚመጣው ከከተማው መዋቅራዊ ፕላን ነው። አካባቢው ዝርዝር ፕላን ከተሠራለት ደግሞ ከአካባቢ ልማት ፕላኑ። ዳር ላይ ፕላኑ ሰፊ መንገድ አስምሮ መሬት ላይ ገና ኮረኮንች ሊሆን ይችላል። አጥራችሁ ዛሬ ማንንም አያስቸግርም፤ በወረቀት ግን መንገድ ላይ ነው።

ሰርቪስ፣ የዘበኛ ቤት፣ ማዕድ ቤት፣ የጄኔሬተር ክፍል ሁሉም ከዋናው ቤት ጋር አንድ ንድፍ ላይ ይግቡ። ይህ ለእኔ ትልቁ ምክር ነው። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ሕንፃን የተረጎመው ለመኖሪያም ይሁን ለሌላ አገልግሎት የሚውል ቋሚ ወይም ጊዜያዊ ግንባታ ብሎ ነው። ጊዜያዊ የሚለውን ቃል አስምሩበት። «ቆርቆሮ ብቻ ናት፣ ነገ ትነሳለች» የሚለው ክርክር አያስኬድም። የነበረውን ቤት ማሻሻልና አገልግሎቱን መቀየርም እንደ ግንባታ ይቆጠራል። በአንድ ንድፍ ውስጥ ከገባች ሰርቪሷ ከዋናው ቤት ጋር አብራ ትፈቀዳለች። ለብቻዋ በኋላ ከመጣች ግን የተረፈው ቦታ ላይበቃት ይችላል።

አገልግሎት መቀየር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ የዳር ሠፈር ሰው ያውቀዋል። አስፋልቱ ሲገባ አጥሩ ይበሳና ሱቅ ይወጣል። መጀመሪያ የሞባይል ካርድ፣ ቀጥሎ አትክልት፣ ከዚያ ፀጉር ቤት። ወይም ደጃፍ ላይ ኮንቴይነር ይቀመጣል። ዘመዶቻችሁ ይህን የሚያደርጉት ኑሮ ስለከበዳቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ቦታው ለመኖሪያ ብቻ ከሆነ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚጠየቀው ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ዴንቨር ወይም ሪያድ ነው ያለው። ቦታችሁ ቅይጥ ከሆነ ሱቁን በሕጋዊ መንገድ አስፈቅዱላቸው፤ ኪራዩም ሕጋዊ ይሆናል።

«ግድ የለም፣ ቆይቶ ሕጋዊ ይሆናል» የሚላችሁ አይጠፋም። ይህ ወሬ የመጣው ያለ ፈቃድ በሌሊት ከሚሠሩት የጨረቃ ቤቶች ዘመን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሲስተናገዱ የኖሩት በ1988ና በ1997 በተነሱ የአየር ፎቶዎች ላይ ይታያሉ ወይ እየተባለ ነው። አምና የተሠራች ሰርቪስ 1997 ላይ በምን ተአምር ትታያለች?

ሪል እስቴት ግቢ ውስጥ ለገዛችሁ ነገሩ ጠበቅ ይላል። እዚያ የተፈቀደው የአንድ ሰው ቤት አይደለም፤ መንገዱ፣ አረንጓዴው ቦታ፣ የቤቶቹ ርቀት ሁሉ አብሮ የጸደቀ ዕቅድ ነው። በሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624 አከፋፈል፣ በሌላ ቦታ ቢሆን ምድብ ሀ የምትባል አንድ ፎቅ እንኳ የሌላት ቤት በሪል እስቴት ሥር ከሆነች ጠበቅ ወዳለው ምድብ ለ ትገባለች። ስለዚህ «ግንበኛ አለኝ፣ በሁለት ሳምንት ይሠራታል» ብሎ ነገር አይሠራም። ከገንቢው ጋር የፈረማችሁት ውልም ስለ አጥር፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ተጨማሪ ክፍል የራሱ ክልከላ ሊኖረው ይችላል። የማዘጋጃው ፈቃድ ውሉን አይሽርም፤ ውሉም ፈቃዱን አይተካም። ሁለቱንም ያዙ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ አጭር ነው። የካ አባዶም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ምድር ቤት ስላላችሁ ደጁ የእናንተ አይሆንም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ለይቷል። ደጁ የጋራ ነው።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላም አፈር አለ። በአቃቂና በቦሌ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ለዋናው ቤት ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል፤ ለሰርቪስ ሲሆን ግን መሠረቱ አንድ ክንድ ተቆፍሮ ይዘጋል። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ይከፈታል። ዳር ላይ የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ሠፈርም ብዙ ነው። ስለዚህ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው (ሴፕቲክ) ጉድጓድ የት እንደሚቆፈርና የፍሳሽ ማንሻው መኪና በየት እንደሚገባ ንድፉ ላይ ይታይ። ሰርቪሷን በጉድጓዱ ላይ የሠራ ሰው አውቃለሁ። ሳቅኩበት፤ ያኔ የእኔ ገና ኤክስ አልተደረገባትም ነበር።

ይህን ሁሉ ከሩቅ የምታስጨርሱት በውክልና ነው። ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ትሰጣላችሁ። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ዋናው ነገር ውስጡ የተጻፈው ነው። «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለማስተዳደር ሥራ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እኔ ብሆን የፕላን ስምምነት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ የመብራትና የውሃ ጉዳይ ብዬ አንድ በአንድ አስጽፋለሁ። ክርክር ቢመጣ ጠበቃ እንዲያቆም እጨምራለሁ። መሸጥና ማስያዝን አልጽፍም። ወንድሜን ስለማላምነው አይደለም። በእሱ ዙሪያ ያለውን ደላላ ስለማላምን ነው።

ዜግነት ለቀየራችሁ፣ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤት የማፍራት መብት ሰጥቷል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው፣ ቢጫ ካርዱ፣ ጊዜው እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቁ።

ገንዘብ አላላክ ላይ የደረስኩበት ዘዴ ይህ ነው። ፈቃዱ ሳይወጣ ለብሎኬት አልልክም። የፈቃዱ ወረቀትና ማህተም ያለበት ንድፍ እያንዳንዱ ገጽ ተነስቶ በቴሌግራም ይመጣል። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ቀያሽ ችካል ይመታል፤ ወንድሜ ሜትሩን ከአጥር እስከ ችካሉ ዘርግቶ በቪዲዮ ያሳየኛል። መጀመሪያ «ጋሼ፣ አታምነኝም እንዴ?» ብሎ ነበር። አሁን ራሱ ሜትሩን ጠጋ አድርጎ ቁጥሩን ያነብልኛል።

የእኔዋ ሰርቪስ ፈረሰች። ማፍረሻውም ከእኛው ኪስ ነው የወጣው። ቆርቆሮውንና በሮቹን አዳንን፤ ብሎኬቱ ሙሌት ሆነ። በአዲሱ ንድፍ ላይ ከአጥሩ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ክፍል ሆናለች። ወንድሜ «ታዲያ ዘበኛው የት ይደር?» እያለ እስካሁን ያኮርፋል።