ለባሕር ዳር ቤት የሚስማማ የመጠባበቂያ ኃይል እንዴት ይመረጣል?

ባሕር ዳር ከጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከጣና ሐይቅ ውሃ የሚቀበለውና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የበለስ ጣቢያም 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ይህ ቅርበት ግን ለአንድ ቤት መብራት ዋስትና አይሆንም፤ በየሰፈሩ የሚያጋጥመው መቋረጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ነፋስና የዛፍ ቅርንጫፍ ከሚጎዱት የማከፋፈያ መስመር ወይም ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ትራንስፎርመር ነውና። መጠባበቂያ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት የራሱ ሰፈር መብራት መቼ፣ ለምን ያህል ሰዓትና በምን ሁኔታ እንደሚጠፋ ለአንድ ወር ያህል መዝግቦ መያዝ አለበት።

መዝገቡ ብዙ ነገር ይወስናል። መብራቱ በአብዛኛው ማታ ማታ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የሚሄድ ከሆነ በኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኃይል በሚቀይር መሣሪያ፣ የሚሠራ ባትሪ ይበቃል። ለቀናት የሚጠፋ ከሆነ ግን ባትሪውን የሚሞላ ሌላ ምንጭ፣ ማለትም ሶላር ወይም ጄኔሬተር፣ የግድ ያስፈልጋል። አምፖሉ የሚደበዝዝና ፍሪጁ አልነሣ የሚል ከሆነ ደግሞ ችግሩ የቮልቴጅ ማነስ በመሆኑ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ነው፤ ይህን ሳይለዩ ውድ ባትሪ የገዙ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው። መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች ብቻ ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት ከሚሠራበት ሰዓት ጋር ያባዙ። ለምሳሌ ባለ 9 ዋት አምስት አምፖሎች ለ5 ሰዓት 225 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 320፤ ባለ 10 ዋት ዋይፋይ ለ10 ሰዓት 100፤ የሦስት ስልኮች ቻርጅ 45 ገደማ፤ እየተነሣ የሚያርፍ መካከለኛ ፍሪጅ ደግሞ ለ6 ሰዓት 300 ያህል ይወስዳል። ድምሩ 990 ዋት ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነውን 15 በመቶ ገደማ ሲጨምሩበት ወደ 1,150 ይጠጋል። ሻጩ የሚጠይቅዎትን ጥያቄ ሁሉ የሚመልስልዎት ይህ ቁጥር ነው፤ ሳይያዝ የሚደረግ ግዢ ወይ ገንዘብ ያባክናል ወይ ማታ መሃል ላይ ያጨልማል።

የእንጀራ ምጣድን ከዝርዝሩ ያውጡት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ እርሱን ለመሸከም ተብሎ የሚገዛ መሣሪያ ለቀሪው ቤት ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ይሆናል። መብራት ባለበት ቀን አስቀድሞ መጋገር፣ ለክፉ ቀንም የማገዶ ምጣድ ማቆየት ይሻላል። የውሃ ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ ሲነሣ ለአፍታ ከመደበኛው ሦስትና አራት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚስብ፣ መብራት ሲኖር ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠ ሮቶ ሞልቶ ውሃው በራሱ እንዲወርድ ማድረግ ከማንኛውም ኢንቨርተር ይረክሳል።

ጄኔሬተር ለሚመርጡ ሰዎች ባሕር ዳር ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩም በዚያው ልክ ስስ ስለሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በዚህ ስሌት ሰሌዳው ላይ 3 ኪሎዋት የሚል ጄኔሬተር እዚህ የሚሰጠው ከ2.4 ኪሎዋት እምብዛም አይበልጥም። ሻጮች ይህን ብዙ ጊዜ ስለማያነሡት ከሚፈልጉት ቢያንስ አንድ አራተኛ ጨምረው ይምረጡ። እንዲህ ያለ ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል፤ ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ በጀሪካን ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። ከሁሉም የሚከፋው ጭሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል፤ ስለዚህ ጄኔሬተር በረንዳ፣ ኮሪደርና መስኮት ሥር ፈጽሞ አይቀመጥም፣ ዝናብ ቢመጣም ወደ ቤት አይገባም። በእኔ አስተያየት ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ወፍጮ ለሌለው መኖሪያ ቤት ጄኔሬተር የመጨረሻ ምርጫ ነው።

ለአብዛኛው ቤት የምመክረው ከመስመር የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ነው። ድምፅና ጭስ የለውም፣ መብራት ሲሄድም በራሱ ይረከባል። ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው። የእርሳስ ባትሪ ሲገዙት ይረክሳል፤ ነገር ግን ከአቅሙ ግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነው በተግባር የሚሰጠው 600 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ለምሳሌያችን ቤት ሁለት ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ደግሞ ከአቅሙ 80 እስከ 90 በመቶ ሳይጎዳ ይሰጣል፤ የእርሳሱ ለጥቂት መቶ ጊዜያት ሲሞላና ሲወርድ እርሱ ለሺዎች ይቆያል። ገንዘቡ ካለ ሊቲየሙን መግዛት በዓመታት ሲሰላ ይረክሳል። የመኪና ባትሪ ግን ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ለማብራት አልተሠራምና ለዚህ ሥራ አይሁን። ሙቀትም ያሳስባል፤ የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በሚያዝያና በግንቦት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሚግል ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ባትሪውን አስቀድሞ መግደል ነው።

ኢንቨርተሩን ሲመርጡ «ንጹሕ ሳይን ዌቭ»፣ ማለትም እንደ መስመሩ ያለ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ፣ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ርካሹ ዓይነት አምፖል ቢያበራም ፍሪጅና ፓምፕ ላይ ሞተሩን ያጉረመርማል፣ ያሞቃልም። ኬቪኤ ተብሎ የተጻፈውንም እንደ ኪሎዋት አይቁጠሩት፤ ዋቱ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላልና በዋት ይጠይቁ። ከ1,000 ዋት በላይ ካስፈለገ ባለ 24 ቮልት ይውሰዱ። ባለ 12 ቮልቱ ለተመሳሳዩ ኃይል 90 አምፒር ያህል ስለሚስብ በጣም ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል፤ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ይግላል፣ እሳትም ያስነሣል።

ሶላር ቀስ ብሎ ሊጨመር ይችላል፤ ሲገዙ ኢንቨርተሩ ሶላር የሚቀበል መሆኑን አስቀድመው ካዩ በኋላ ፓነሉን ማከል ቀላል ነው። ባለ 550 ዋት አንድ ፓነል በበጋ ፀሐይ በቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደመናው ሲከብድ ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ስሌቱ በጥር ፀሐይ አይሠራ። ፓነሉ ወደ ደቡብ ፊቱን አዙሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ይበቃል፤ ዝናቡም ያጥበዋል። የማንጎና የዘንባባ ጥላ ግን አንድ ጥግ ላይ እንኳ ቢወድቅ ምርቱን ክፉኛ ስለሚጥል፣ ከመትከልዎ በፊት ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት ጥላው የት እንደሚወድቅ ይመልከቱ። በኪራይ ቤትና በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጣሪያው የራሱ ስላልሆነ ባትሪና ኢንቨርተር ባንድ ላይ የያዘ ተንቀሳቃሽ ሳጥን የተሻለ ነው።

ሱቅ ሲሄዱ ካውያ ይዘው ይሂዱ። ከ1,000 ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ስለሆነ ኢንቨርተሩ ሻጩ የሚለውን እውነት መሸከሙን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። የእርሳስ ባትሪ የሚገዙ ከሆነ በሚዛን ይመዝኑት፤ እውነተኛ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከ25 በታች የሆነውን ይጠርጥሩ። የዋስትና ወረቀቱም ስምና ማኅተም ይኑረው።

ተከላውን ለሚያውቀው ኤሌክትሪሺያን ይስጡ፤ ሁለት ነገር ግን ሳይሠራ እንዳይሄድ ይከታተሉ። አንደኛው የመሬት ሽቦ ነው። ሁለተኛው የመስመሩን ኃይልና የራስዎን ኃይል ባንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚለይ ማዘዋወሪያ ማብሪያ ነው። ጄኔሬተርን በሶኬት በኩል ወደ ቤት መስመር የሚሰጥ ሰው፣ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ጠጋኝ ሊገድል ይችላል። በክረምት መግቢያ መብረቅ ሲበዛ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ከሶኬት መንቀል፣ መብራት ሲመለስም ፍሪጁን ከአምስት ደቂቃ በኋላ መሰካት ያስፈልጋል። ባትሪውን ደግሞ መብራት ባይጠፋም በየወሩ አንድ ጊዜ መስመሩን ዘግተው ለአንድ ሰዓት ያሠሩት፤ የላላ ሽቦና የደከመ ባትሪ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።