የመጽሐፍ ርእስ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሔ

ደብረ ብርሃን ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ግንቦትና ሰኔ ላይ የአማርኛ መመረቂያ ጽሑፍ ይጎርፍልኛል። ርእስ በጥቅስ ወይም በዘመም (ኢታሊክ) ፊደል መለየት እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ እሱን አልደግምም።

አንድ መጽሐፍ አራት ሆኖ ይታያል

በብዛት የማየው ይህንን ነው። መሐል ሜዳ የሚያስተምሩ አንድ መምህር በበዓሉ ግርማ ልቦለዶች ላይ የሠሩትን ጥናት ይዘው መጡ። ፈታኙ «ስንት መጽሐፍ ነው ያጠኑት?» ብለው መልሰውባቸዋል። ገለጥኩት። አንድ ገጽ ላይ «ከአድማስ ባሻገር» ይላል። ሌላው ላይ «በአድማስ ባሻገር»፣ ዝቅ ብሎ «የአድማስ ባሻገር»፣ ምዕራፍ አራት ላይ ደግሞ «ካድማስ ባሻገር»። ሁሉም በ1962 ዓ.ም. የታተመው ያው ልቦለድ ነው።

ምክንያቱ፦ አማርኛ በ፣ የ፣ ከ፣ ለን ቃሉ ላይ ይለጥፋል። ርእሱ ራሱ በ«ከ» ሲጀምር ጸሐፊው መደራረቡን ይፈራና የደራሲውን «ከ» አውጥቶ የራሱን «በ» ይተካል። «በበዓሉ ግርማ» ስንል ግን ከስሙ ላይ «በ»ን አንቆርጥም። ታዲያ ከርእሱ ላይ ለምን? ርእስ የደራሲው ነው፤ አንድ ፊደል አይነካም።

መፍትሔው፦ ቅጥያው ከጥቅሱ ውጭ ይቁም። በ«ከአድማስ ባሻገር»፣ የ«ከአድማስ ባሻገር»። ከኋላ የሚመጣውም እንደዚያው ነው፦ «ኦሮማይ»ን እንጂ «ኦሮማይን» አይባልም። መሃላቸው ክፍት ቦታ አታስገቡ፤ «ን» ብቻዋን ወደ ታችኛው መስመር ትወርዳለች። ለዐይን ካልተመቻችሁ ቅጥያውን ሌላ ቃል ይሸከምላችሁ፦ «ከአድማስ ባሻገር» በተሰኘው ልቦለድ። ከመምህሩ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን እያንዳንዱን እንዲህ አስተካከልን። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሆነ።

አደራ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚተካውን «ሪፕሌስ ኦል» አትጫኑ። አንዲት ተማሪ «ኦሮማይ» የሚለውን በሙሉ ባንድ ጊዜ ጥቅስ ውስጥ አስገባችው። ቀድሞ ጥቅስ የነበረው ሁሉ ««ኦሮማይ»» ሆነ። ለማስረከብ የቀራት አንድ ቀን ነበር። አንድ በአንድ እያያችሁ ተኩ።

ዘመሙ ፊደል አይነበብም

አብዛኛው የግዕዝ ፎንት የራሱ ዘመም የለውም። ዎርድ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያጋድለዋል። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ሉ እና ሊ ይምታታሉ። «በ» ከርእሱ ውስጥ ይሁን ውጭም አይለይም። ስለዚህ ለአማርኛ ርእስ እኔ ጥቅስን እመርጣለሁ። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ዘመም ካዘዘ መመሪያው ይከበር፤ ቅጥያው ግን ቀጥ ብሎ ይቅር።

ግጥሙም የግጥሙ መድበልም ጥቅስ ውስጥ ከገቡ አንባቢ የቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም። መድበሉን ዘመም ወይም ደማቅ አድርጉት፣ ጥቅሱን ለግጥሙ ተዉለት።

ስትፈልጉት አይገኝም

ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ሰና ሠ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ከተማችንን በቆረቆሩት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚጠራው «መጽሐፈ ብርሃን» ባንድ ጽሑፍ ውስጥ «መፅሀፈ ብርሀን» ተብሎም ይመጣል። ማጣቀሻው ላይ ሁለት መጽሐፍ ይሆናል። «ክብረ ነገሥት»ን በ«ስ» መጻፍም ያው ጥፋት ነው። ርእሱን ከትውስታ አትጻፉ፤ መጽሐፉን ገልጣችሁ ከውስጠኛው የርእስ ገጽ ላይ ፊደል በፊደል ቅዱ። በሰው ማጣቀሻ ላይ ተማምናችሁ አትገልብጡ። የሰውዬው ስሕተት የእናንተ ይሆናል።

ጥቃቅኖቹ

በ« ተከፍቶ በሌላ ዓይነት ጥቅስ የሚዘጋ ርእስ ካለ፣ አልት ተጭናችሁ 0171 ለመክፈቻ፣ 0187 ለመዝጊያ ምቱ። ቁጥሩ ከኪቦርዱ ቀኝ በኩል ካለው የቁጥር ሰሌዳ ይሁን።

መጽሐፍ ቅዱስና ቁርአን ጥቅስ አያስፈልጋቸውም።

አማካሪው ኮምፒውተር ላይ ርእሱ ወደ ላቲን ፊደል ከተቀየረ በድሮ ፎንት ተጽፏል ማለት ነው፤ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ እንዳለ በሚታይበት በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት።

አራት ነጥብ ከመዝጊያው ጥቅስ በኋላ ይመጣል። የርእሱ አካል የሆነ ጥያቄ ምልክት ግን ውስጥ ይቆያል። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ኮለን መትታችሁ አትሥሩት፤ መስመር ሲያልቅ ለሁለት ይሰነጠቃል።