በዲስክ ፓርቲሽን ዓይነት ዙሪያ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባለችው ትንሽ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ዲስኩ ደህና ሆኖ ሳለ በችኮላ በተጫነ አንድ ቁልፍ የሚጠፋው ዳታ ነው።

ከባዱ ስህተት «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚለውን የዊንዶውስ መልእክት አምኖ መቀበል ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ዲስክ ይዛ ከኮዬ ፈጬ መጣች። መልእክቱን ደጋግማ ብታየውም ደግነቱ እሺ አላለችውም ነበር። ዲስኩን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ባለው ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ፋይሎቹ በሙሉ ተከፈቱ። የፓርቲሽን ሠንጠረዡን፣ ማለትም ዲስኩ የተከፈለባቸውን ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) የሚዘረዝረውን፣ ስመለከት ዓይነቱ 07 ይላል፤ ይህ ኤምቢአር በሚባለው የቆየ የሠንጠረዥ ዓይነት፣ ዊንዶውስ ለሚያውቃቸው ፋይል ሲስተሞች (ፋይሎች በዲስክ ላይ ለሚደራጁባቸው ዘዴዎች)፣ ለኤንቲኤፍኤስና ለኤክስፋት የሚሰጥ መለያ ሲሆን፣ ውስጡ የነበረው ግን የሊኑክስ ኢኤክስቲ4 ነው። ዲስኩን ያዘጋጀላት ሰው ፋይል ሲስተሙን ቀይሮ መለያውን እንደነበረ ትቶታል። ሊኑክስ እንዲህ ያለውን ፓርቲሽን ሲከፍት የሚያየው መለያውን ሳይሆን በውስጡ የተጻፈውን ነው፤ ዊንዶውስ በበኩሉ 07ን አይቶ የሚያውቀውን ፋይል ሲስተም ይፈልጋል፣ ሲያጣው ደግሞ ፎርማት እናድርግ ይላል። መጀመሪያ ፋይሎቿን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን፤ ከዚያም ኤፍዲስክ በተባለው የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም ዓይነቱን ወደ ሊኑክስ መለያ፣ ወደ 83፣ ቀየርነው። አንድ ፓርቲሽን በሠንጠረዡ ላይ ከሚይዘው 16 ባይት ውስጥ የተቀየረው አንዱ ብቻ ነው፤ ጽሑፏ ያለበት ቦታ አልተነካም።

ከዚሁ የሚወለደው ሁለተኛ ስህተት መለያውን በመቀየር ፋይል ሲስተሙም ይቀየራል ብሎ ማሰብ ነው። 83ን 07 ማድረግ ኢኤክስቲ4ን ወደ ኤንቲኤፍኤስ አይለውጠውም፤ ተማሪዋን ያስጨነቀውን መልእክት ከመጥራት በስተቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ከ2 ቴራባይት በላይ ለሆነ ዲስክ ኤምቢአርን መምረጥም አይገባም። ኤምቢአር የሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ትንሽ የዳታ ክፍል) ቁጥርን በ32 ቢት ስለሚይዝ፣ ሴክተሩ 512 ባይት በሆነ ዲስክ ላይ ከዚያ ወሰን በላይ ያለው ቦታ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጂፒቲ የተባለው አዲሱ የሠንጠረዥ ዓይነት ነው የሚሻለው።

ደንበኞች «ይቺ ትንሽ ነገር ቦታ ይዛብኛለች» እያሉ የሚያጠፏት 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነች ፓርቲሽን ብዙውን ጊዜ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ናት። ማስነሻ ፋይሎቹ ያሉት እርሷ ላይ ስለሆነ፣ ስትጠፋ ዊንዶውሱ እዚያው ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። ስሟን ሳያረጋግጡ መሰረዝ ፈጽሞ አይገባም።

የፓርቲሽንን መጠን ወይም ቦታ መለወጥ በእኛ ሰፈር የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ መብራት ሳያስጠነቅቅ ይሄዳልና። ፓርቲሽን ወደ ሌላ ቦታ በሚዛወርበት ጊዜ ዳታው በከፊል በአዲሱ፣ በከፊል በአሮጌው ስፍራ ይሆናል፤ በዚያ መሃል ኃይል ቢቋረጥ ሁለቱን ማገጣጠም እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ዳታውን አስቀድሜ በሌላ ዲስክ ላይ ሳልገለብጥ፣ የላፕቶፑም ባትሪ ሳይሞላ፣ ይህን ሥራ አልጀምርም።